ሳላነበው የማውቀው መጽሐፍ

የሚጥል በሽታ ሲባል እኔ የማውቀው ልጅ እያለሁ ድሬዳዋ ገበያ መሃል የወደቀ አንድ ሰው ነው። ሰዎች ከበውት፣ አፍንጫው ሥር ክብሪት ሲጭሩለት ትዝ ይለኛል። ስለዚህ በሽታው እኔ ላይ ሲመጣ አላወቅሁትም። እኔን አልጣለኝም። ቁጭ እንዳልኩ፣ ዓይኔ እንደተከፈተ፣ ሰው እያናገረኝ ነው የያዘኝ። ከአንድ ዓመት በላይ ስሙን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። በራሴ ላይ ከደረሰው ይልቅ ግን አሁንም ድረስ የሚከብደኝ በአፌ ሌላ ሰው ላይ ያደረስኩት ነው። ሁለቱንም እጽፈዋለሁ፤ አንዱን ትቼ አንዱን ብናገር ግማሽ እውነት ይሆንብኛል።

ሂቦ እባላለሁ። ወላጆቼ የሀርጌሳ ሰዎች ናቸው፤ ያደግሁትና የተማርኩት ግን ድሬዳዋ፣ በአማርኛ ነው። ካገባሁ ወዲህ እዚህ ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር የሚባል ሰፈር፣ ከባለቤቴ ከአብዲረሺድ ጋር ተከራይተን እንኖራለን። መሃል ከተማ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ቲኬት እቆርጣለሁ፤ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ለሚሄዱ ሰዎችም ወረቀታቸውን እተረጉማለሁ።

መጀመሪያ የመጣብኝ እዚያ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ከዙሁር ሶላት በኋላ። አንድ ሽማግሌ ፓስፖርታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና በጣታቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ያኔ ከሆዴ አንድ ነገር ተነሣ። ሊፍት ወደ ላይ ሲነሣ ሆድን እንደሚያደርገው ዓይነት ነው፤ ግን አልቆመም፤ ቀስ እያለ በደረቴ በኩል ጉሮሮዬ ድረስ ወጣ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ወዲያው ሁሉንም አወቅሁት። ሽማግሌውን፣ ፓስፖርቱን፣ ከሸሚዛቸው የተበጠሰውን ቁልፍ፣ ቀጥሎ የሚሉትን ቃል ሳይቀር፣ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ኖሬዋለሁ። ሰው ሁሉ አንዳንዴ «ይህን ቦታ የማውቀው ይመስለኛል» ይላል፤ ያልፋል። በእኔ ውስጥ «ይመስለኛል» የሚባል ነገር አልነበረም። የገዛ ስሜን እንደማውቀው ነው ያወቅሁት።

ሲለቀኝ እጄ በረዶ ሆኗል።

«ወዴት ነው የሚሄዱት፣ አባባ?» አልኳቸው።

ሽማግሌው አተኩረው አዩኝ። «ሦስት ጊዜ ነገርኩሽ እኮ፣ ልጄ» አሉ።

እርሳቸው ሦስት ጊዜ ሲናገሩ እኔ የት ነበርኩ? ይህን ጥያቄ ለማንም አላነሣሁም።

በሳምንቱ ተመለሰ። ከዚያ በሳምንት ሁለቴ፣ ሦስቴ ሆነ። ሁልጊዜ ከሆዴ ስለሚጀምር የሄድኩት ስለ ሆዴ ነው። የመጀመሪያው ክሊኒክ የጨጓራ ባክቴሪያ አለብሽ ብሎ ሁለት ሳምንት የሚዋጥ ሦስት ዓይነት ክኒን ሰጠኝ፤ አፌን እንደ ብረት አደረገብኝ እንጂ ምንም አልለወጠም። ሁለተኛው ታይፎይድ አለ። ሦስተኛው ሐኪም ስናገር ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ካገባሽ ስንት ዓመትሽ ነው?» አለ። አራት፣ አልኩት። «ልጅስ?» የለንም፣ አልኩ። «በቃ፣ ጭንቀት ነው» ብሎ ጻፈልኝ። በመንገድ ላይ ባጃጅ ውስጥ አብዲረሺድ ወረቀቱን ተቀብሎኝ አነበበው። ልጅ ያለመውለዳችን ነገር በመሃላችን ተነሥቶ አያውቅም ነበር። ያን ቀን አንድ የማያውቀን ሰው በወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠን።

ከእነዚያ ወራት በብዛት ትዝ የሚለኝ የመጠባበቂያ ክፍል ነው። የሴቶቹ አግዳሚ ወንበር፣ ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን፣ በእጅ የሚሟሽሽ የተራ ቁጥር። አንድ ቀን እዚያ ወንበር ላይ እንዳለሁ መጣብኝ። ከጎኔ የነበረች አንዲት የማላውቃት ሴት አንድም ነገር ሳትጠይቅ መዳፌን በሁለት እጇ ያዘችው። ሲለቀኝ እጄ እዚያው እጇ ውስጥ ነበር። «ቢስሚላህ በይ» አለችኝና ከቦርሳዋ አንድ ተምር አውጥታ ሰጠችኝ። ስሟን አልጠየቅኋትም።

ቤተሰቡ ቁርኣን ይቀራባት አለ። ሄድኩ፤ አልተቃወምኩም። ሼኹ ደግ ሰው ነበሩ። እየቀሩብኝ እያሉ ነገሩ መጣና ቀጥሎ የሚቀሩትን አንቀጽ አወቅሁት። ይህንን ስነግራቸው ፈገግ አሉ፤ «እሱንማ ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂዋለሽ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረው፣ «እኛ ዱዓችንን አናቋርጥም፤ እናንተም ሐኪም መፈለጋችሁን አታቋርጡ» አሉት።

በዚያ መሃል ነው መጽሐፎቹ የመጡት።

ጋሽ ተካ ከግቢያችን አንዱን ክፍል የተከራዩ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ከሞጆ በርበራ ወደብ ይመላለሳሉ፤ ሀርጌሳ ሲደርሱ ያድራሉ። ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው፤ ወደብ ላይ ወረፋ ሲጠብቁ የሚያነቡት መጽሐፍ ከመኪናቸው አይጠፋም። መታመሜን ሲሰሙ አንድ የወንጀል ልብ ወለድ ይዘውልኝ መጡ። ሰባት መጽሐፍ ያለው ተከታታይ ነው። በሁሉም ውስጥ ሻምበል ወይንሸት የምትባል መርማሪ አለች፤ የባቡር መስመር ባለባት ትንሽ ከተማ ውስጥ የተገደሉ ሰዎችን ነገር ታጣራለች።

«ሰባቱንም ለምን አይሰጡኝም?» አልኳቸው።

«አይሆንም። በተራ ነው የሚነበበው» አሉ። «ሦስተኛው ላይ እስር ቤት ልትጠይቀው የምትሄደው ሰው የአንደኛው ገዳይ ነው። መሃል ገብተሽ ብታነቢ ነገሩን ሁሉ ታበላሺዋለሽ። አንዱን ስትጨርሺ ሌላውን አመጣለሁ።»

አንደኛውን የጀመርኩት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ወንዶቹ ጫት ይዘው የገቡበት፣ ሚኒባሶቹ እንኳ ዝም የሚሉበት ሰዓት። ሻምበል ወይንሸት የአንድ ሆቴል ደረጃ እየወጣች ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቁልፍ በሩ ላይ እንደተሰካ ታየዋለች። እዚህ ላይ ከሆዴ ተነሣ። ጎማው ሸተተኝ። ይህን መጽሐፍ አንብቤዋለሁ። ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር አውቀዋለሁ፤ ገዳዩን አውቀዋለሁ። በዚያ ላይ ደግሞ ከዚያ በፊት ያልነበረ ነገር ተጨመረ፤ ከግራ ትከሻዬ ኋላ አንድ ሰው ቆሟል። አይተነፍስም፣ አይነካኝም። አብሮኝ ያነባል። ገጹን እስክገልጥለት ይጠብቃል።

ዞር አልኩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአብዲረሺድ ጃኬት ብቻ ነው።

ጋሽ ተካ ሲመለሱ «ይህን መጽሐፍ ከዚህ በፊት አንብቤዋለሁ» አልኳቸው።

«የት አግኝተሽ?»

«አላውቅም። ግን አንብቤዋለሁ። ገዳዩን ገና መጀመሪያው ላይ ነው ያወቅሁት።»

ሁለተኛውን ሰጡኝ። እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። በየመጽሐፉ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ያ ነገር ይመጣል፤ ያ ሰው ከኋላዬ ይቆማል፤ ገዳዩ ሲገለጥ «አውቄው ነበር» እላለሁ። አራተኛውን ስጨርስ ፍርሃቴ መልኩን ቀየረ። እስከዚያ ድረስ ታምሜያለሁ ብዬ ነበር የምፈራው። ከዚያ በኋላ ግን ያልታመምኩ እንደሆነስ ብዬ ፈራሁ። አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ተሰጥቶኝ ይሆን አልኩ።

የባለቤቴ ታላቅ እህት የከድራ ቤት ከእኛ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ባሏ ጃማ በርበራ ላይ የዓሣ ጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነበር። በበጋው፣ ሐጋ የሚባለው አቧራማ ንፋስ ሳይጀምር፣ ከሰባት ሰው ጋር ባሕር ወጥቶ አልተመለሰም። አንዳንዱ የመን ታስረዋል ይላል፣ አንዳንዱ ሰምጠዋል ይላል። ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ሚስትም መበለትም ሳትሆን ቀረች። ሌላው ወንድሟ ቡርዖ ከተማ ካሉት ዘመዶች ጋር ሆና እንድትኖር ቤት አሰናድቶላት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ መጽሐፎቹ ከአብዲረሺድ ሰምታለች። ስልኳን አውጥታ የጃማን ፎቶ ፊቴ ላይ ያዘችው። በጀልባ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እየሳቀ ነው።

ከሆዴ ተነሣ።

«ገብቷል» አልኩ። ድምፄን እሰማዋለሁ፤ የእኔ ነው፤ ግን ከሩቅ ነው የሚመጣው።

«ማን?»

«ጃማ። በቤትሽ በር ሲገባ አይቼዋለሁ። እግሩ እርጥብ ነው።»

ከድራ አላለቀሰችም። ስልኩን በቀስታ አጠፋችው። «መቼ?» አለች።

«እሱን አላውቅም። ግን አይቼዋለሁ።»

በማግሥቱ ያ ወንድሟ ጋ ደውላ ቡርዖ አልሄድም አለችው።

በሳምንቱ ዓርብ ልጠይቃት ሄድኩ። የግቢው በር እንዳይዘጋ በድንጋይ ተደግፏል። የሳሎኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የሐጋው ንፋስ አቧራውን እያመጣ ምንጣፉ ላይ ያፈሰዋል። ደፉ ላይ አንድ ሳፋ፣ ከጎኑ በሥርዓት የታጠፈ ነጭ ፎጣ አለ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኳት።

«እግሩ እርጥብ ነው አላልሽም?» አለች፤ ተራ ነገር እንደምትነግረኝ። «ፎጣውን ጠዋት ጠዋት እቀይረዋለሁ፤ አቧራ ይይዛል።» ከዚያ ሻይ እየቀዳች ቀጠለች፤ «ከበርበራ አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ዓሣ አጥማጅ ነኝ፣ ከጀልባው ላይ ነበርኩ ይላል። ሁለት ጊዜ መጣ፤ አላስገባሁትም።»

«ለምን?»

«ሞቷል ሊለኝ ነዋ። አንቺ እኮ አይተሽዋል፣ አባዮ።» አባዮ ማለት በሶማልኛ እህቴ ማለት ነው። ቀድሞ እንዲህ ብላ ጠርታኝ አታውቅም።

ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ስላመንኩት ነው። ያን ሰው ጥሪው፣ ስሚው ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ፎጣውን ግን አሁንም ድረስ ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ።

ጋሽ ተካ አምስተኛውን መጽሐፍ ይዘው ሲመጡ ይህንኑ አጫወትኳቸው፤ የጃማንም፣ የፎጣውንም። እንደሌላው ሰው «ሱብሐነላህ» ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ አልጫኑም።

«እኔ ሠላሳ ዓመት በረሃ ነድቻለሁ» አሉ። «አስፋልቱ ላይ በየቀኑ ውሃ አያለሁ። በዓይኔ በብሌኑ አየዋለሁ። ግን ወርጄ እጄን ካልነከርኩበት ውሃ ነው አልልም። እስኪ ልጠይቅሽ፤ የአራተኛውን ገዳይ ሳይገለጥ በፊት ለማን ተናግረሽ ነበር?»

«ለማንም።»

«ጽፈሽው ነበር?»

«አልጻፍኩም። ግን አውቅ ነበር።»

«እሺ። አሁን አምስተኛውን አንብቢ። ያ ነገር ሲመጣብሽ እዚያው ላይ ብዕር አንሥተሽ የገዳዩን ስም ጻፊ። አጥፈሽ አብዲረሺድ ጋ አስቀምጪው። ስትጨርሺ ትከፍቱታላችሁ።»

ቀላል ነገር መሰለኝ።

አምስተኛው ላይ አንድ ፋርማሲስት አለ፤ አንድ የባቡር ጣቢያ ሹም አለ ከነሚስቱ፤ አንድ ዲያቆን አለ። ፋርማሲስቱ መደርደሪያውን የሚቆልፍበት ቦታ ላይ መጣብኝ። ሙሉ በሙሉ አወቅሁት። ያ ሰው ከኋላዬ ቆመ። ብዕሩን አነሣሁ፤ ወረቀቱ ላይ አስጠጋሁት።

ምንም የለም።

እጄ እዚያው ቀረ። ማወቁ አለ፤ የሚታወቀው ነገር የለም። አንድ ሰው ቤትሽ ውስጥ ውድ ዕቃ አለ ብሎ ምሎልሽ፣ ሳጥን በሳጥን ስትከፍቺ ባዶ ሲሆን እንደማለት ነው። ሁሉም ሳጥን ባዶ፣ መሐላው ግን እንዳለ። ስሜቱ ከሄደ በኋላ «ፋርማሲስቱ» ብዬ ጻፍኩ፤ ገጹ ላይ የነበረው እሱ ስለሆነ ብቻ። አጥፌ ለአብዲረሺድ ሰጠሁት።

ከአራት ቀን በኋላ ጨረስኩት። የገደለችው የጣቢያው ሹም ሚስት ናት። ሻምበል ወይንሸት ስሟን ስትጠራ ከሆዴ ተነሣ፤ ጎማው ሸተተኝ። ሁለመናዬ «አውቄው ነበር፤ እሷ መሆኗን ከመጀመሪያው አውቄው ነበር» አለኝ። አብዲረሺድ ወረቀቱን ዘርግቶ ፊቴ ያዘው። በገዛ እጅ ጽሑፌ «ፋርማሲስቱ» ይላል። እኔ ወረቀቱን እያየሁ፣ ከኋላዬ ያለው ሰውም አብሮኝ እያየ፣ አሁንም «አውቄው ነበር» እላለሁ።

በሕመሜ ዘመን ሁሉ እንደዚያች ደቂቃ የፈራሁበት ጊዜ የለም። ጂን አልነበረም፤ ስጦታም አልነበረም። ጭንቅላቴ ሲዋሸኝ እጅ ከፍንጅ ያዝኩት፤ ተይዞም መዋሸቱን አልተወም።

«ከድራ…» አልኩ።

አብዲረሺድ ወረቀቱን ኪሱ ከተተ። «መጀመሪያ ሐኪም» አለ። «ሌላውን ከዚያ በኋላ።»

የቢሮ ባልደረባዬ የነገረችኝ አንዲት የነርቭና የአንጎል ሐኪም ነበሩ፤ ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ፤ ዶክተር ሳህራ እላቸዋለሁ። ከሰዓት ሙሉ ጠበቅን። ስገባ እንደ ሌሎቹ ስለ ሆዴ ጀመርኩ። አስጨረሱኝ፤ ከዚያ ብዕራቸውን አስቀምጠው እንዲህ ጠየቁኝ፤

«ከሆድሽ ወደ ላይ የሚወጣ ነገር አለ?»

«አዎ።»

«ሽታስ? ሌላው ሰው የማይሸተው?»

«ጎማ» አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

«ከዚያ የምታዪው ሁሉ ቀድሞ የኖርሽው ይሆናል። አንዳንዴም ከኋላሽ ሰው ያለ ይመስልሻል።»

ከኋላዬ ስለሚቆመው ሰው ለአንድም ሐኪም ነግሬ አላውቅም። ወረቀቱን አውጥተን፣ የመጽሐፉን ነገር ስንነግራቸው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «እንዲህ ያለ ማስረጃ ይዞ የመጣ በሽተኛ አይቼ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረው «ሲይዛት ከውጭ ምን ትመስላለች?» ሲሉት «ዝም ትላለች» ብቻ አለ። በሚቀጥለው ጊዜ በስልኩ እንዲቀርጻት አዘዙት።

በስድስተኛው ቀን ቀረጸኝ። ሩዝ እየለቀምኩ ነበር። ቪዲዮውን እኔም አየሁት፤ ባላየሁት ይሻለኝ ነበር። ሴትየዋ ሩዙን ትታ ግድግዳ ታያለች። አፏ ያላምጣል፤ አፏ ውስጥ ግን ምንም የለም። ቀኝ እጇ የቀሚሷን ጫፍ ይቆነጥጣል፣ ይለቃል፣ ይቆነጥጣል። አብዲረሺድ «ሂቦ? ሂቦ?» ይላል። ሴትየዋ አትሰማም። ዓይኗ ክፍት ነው፤ ቤቱ ውስጥ ግን ሰው የለም። እኔ አንድ ደቂቃ ያልሞላ የመሰለኝ ነገር ስልኩ ላይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ሆኖ ተገኘ።

ዶክተር ሳህራ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አዩት። «የሚጥል በሽታ ነው» አሉኝ።

«እኔ እኮ ወድቄ አላውቅም።»

«ሁሉም አይጥልም» አሉ። አንጎል በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ አንዱ ጥግ ላይ ገመዱ ሲነካካ ያ ጥግ ያለ ልክ ይሠራል ብለው አስረዱኝ። የእኔ ጥግ ከጆሮዬ በላይ ያለው፣ ትዝታና ሽታ የሚቀመጥበት ነው። የጭንቅላት ምስል ተነሣሁ፤ በዚያው በኩል አንድ ትንሽ የቆየ ጠባሳ ታየ። በልጅነቴ ትኩሳት ይዞኝ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ድሬዳዋ እናቴ ጋ ደወልኩ።

 «ሁለት ዓመትሽ ነበር» አለች እናቴ። «በትኩሳት ተንቀጠቀጥሽ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አልተወሽም። ከዚያ ዳንሽ፤ አልሐምዱሊላህ ብዬ ረሳሁት። ለምን ብዬ ላስታውስሽ?»

መድኃኒቱ ጠዋትና ማታ የሚዋጥ ክኒን ነው። ከትንሽ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። የመጀመሪያው ወር ከባድ ነበር፤ ያዞረኛል፣ ሁለት ሁለት እየሆነ ይታየኛል፣ ቆሜ እተኛለሁ። ቢሮ ውስጥ የአንድ ሰው ስም ሁለቴ ተሳስቼ ቲኬት ቆረጥኩ፤ አለቃዬ ለጊዜው ቁጭ ብለሽ የምትሠሪውን ትርጉም ብቻ ያዢ አለኝ። ስድስተኛውን መጽሐፍ ለመጨረስ ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ አንዱን ገጽ ሦስቴ እያነበብኩ። ያ ነገር በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ በወር አንዴ ሆነ፤ ከዚያ ቆመ። ከኋላዬ የሚቆመውም ሰው መምጣቱን ተወ። እውነቱን ልናገርና፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናፈቀኝ። ብቻዬን ማንበብ ተረስቶኝ ነበር። የስድስተኛው ገዳይ ሲታወቅ ግን ጮህኩ፤ በፍጹም አልጠረጠርኩትም። አብዲረሺድ ደንግጦ ከጓዳ ሮጦ መጣና እየሳቅሁ አገኘኝ።

ለከድራ የነገርኳት ዘግይቼ ነው። መድኃኒቱ ይያዘኝ፣ ጭንቅላቴ ይጥራ እያልኩ ስድስት ሳምንት አሳለፍኩ። ምክንያት ነበር እንጂ ፈርቼ ነው።

ሳሎኗ በር ላይ ፎጣው አለ። ተቀመጥኩና የዶክተር ሳህራን ወረቀት፣ «ፋርማሲስቱ» የሚለውንም ወረቀት ከፊቷ አስቀመጥኩ። አማርኛ ስለማታነብ ተረጎምኩላት። «ጃማን አላየሁትም፣ ከድራ» አልኳት። «ሕመም ነበር። የማውቀው ነገር አልነበረም።»

«እግሩ እርጥብ ነው ያልሽውስ?»

«ከየት እንደመጣ አላውቅም። ባሕር ሄዷል ስለተባለ ይሆናል።»

«አምስት ወር» አለች። «አምስት ወር በሬን አልዘጋሁም።» ተነሥታ በጣቷ ወደ ውጭ አሳየችኝ። «ውጪልኝ።»

ወጣሁ። በረንዳው ላይ ሳልፍ ሳፋው ሲገለበጥ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አልደወለችልኝም፤ እኔም አልደፈርኩም። አብዲረሺድ እየሄደ ይጠይቃታል፤ ስለ እኔ አታነሣም። ይህንን ቤተሰባችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ላላችሁ ነው የምለው፤ ሰውየው በዚያች ደቂቃ የሚናገረውን ትንቢት አታድርጉት፤ እርግማንም አታድርጉት። ከውጭ የሚታየውን አስተውላችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ ከቻላችሁ ቅረጹት። ክብሪት አትጫሩ፣ በአፉም ምንም አትክተቱ። ሕመምተኛ የሆናችሁ ደግሞ፣ ተሻለኝ ብላችሁ ክኒኑን በድንገት እንዳታቆሙ፤ ረመዳን ሲመጣም ሰዓቱን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። እኔ ስጀምር ይህን የሚለኝ ሰው አላገኘሁም።

ከድራ ከቤቷ ካስወጣችኝ በሁለተኛው ወር ስልኬ ጮኸ። ከድራ ናት።

«ያ የበርበራ ሰውዬ ሀርጌሳ መጥቷል» አለች። «ዛሬ ልሰማው ነው። ነይ።»

«እኔ?»

«እንዳልሰማው ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ። አብረሽ ትሰሚዋለሽ።»

ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ ሻይ ቤት፣ የቤተሰብ ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። ከድራና እኔ ጎን ለጎን ነን፤ አብዲረሺድ በር ላይ። ሰውየው ወጣት አልነበረም። ጣቶቹ በገመድ የተበሉ ናቸው። ሻዩን አልነካውም።

«ንፋሱ ከጠበቅነው ቀድሞ መጣ» ብሎ ጀመረ። «ሞተሩ ቆመ። ጃማ ታች ወርዶ እየጠገነው ነበር። ውሃ መግባት ሲጀምር ውጣ ብለን ጠራነው። ‹አንድ ደቂቃ› አለን። ሊነሣለት ነበር፤ ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ሞተሩ አንዴ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ ማዕበሉ ጎኗን መታት። እኔ ባዶ ጀሪካን ላይ ተንጠለጠልኩ። እሱ አልወጣም።»

እየተናገረ ሳለ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። አሁን ይነሣል፣ አሁን ይህን ቀድሜ ሰምቼው ነበር እላለሁ ብዬ እጠብቃለሁ። አልተነሣም። ሰውየው የሚለውን አንዱንም ቃል አላውቀውም ነበር። ሞተሩ አንዴ መነሣቱን አላውቅም ነበር። «አንድ ደቂቃ» ማለቱን አላውቅም ነበር። እያንዳንዱ ነገር አዲስ ሆኖ፣ ስለታም ሆኖ ገባኝ። ያ ሁሉ ጊዜ ሳውቀው የኖርኩት ነገር እንደዚህ አሞኝ አያውቅም።

ከድራ መርዶ ሲሰማ የሚባለውን «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች። ድምፁ ከደረቷ ሳይሆን ከእግሯ ሥር የወጣ ይመስል ነበር። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ይህን ታውቂው ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም ነበር» አልኳት።

ዓይኔን አጥብቃ አየችው። ከዚያ እጄን ያዘችና ወደ ሰውየው ተመለሰች። «ቀጥል» አለችው። «ሞተሩ ተነሣ። ከዚያስ?»